ብስኩቱን ከፍሪጁ ላይ አውርጂው

ባለፈው እሁድ ቡና ልናፈላ ኩሽናሽ ስንገባ፣ በርጩማ ላይ ወጥተሽ ያን የብስኩትና የቺፕስ ፌስታል ፍሪጁ ላይ ከትልቁ ድስት ኋላ ስትሸጉጪው አየሁሽ። ጀርባሽን ሰጥተሽ ስለነበር አንቺ አላየሽም እንጂ ማሙሽ በሩ ሥር ቆሞ እጅሽን በዓይኑ ይከተል ነበር። ድስቱን መልሰሽ እስክታስተካክዪ ድረስ ዓይኑን አልነቀለም። ዞር ስትዪ ምንም እንዳላየ ሰው ወደ ሳሎን ሮጠ። ልጆቹ ፊት መናገር አልወደድኩምና ዝም አልኩ። ያ አስተያየቱ ግን ሳምንቱን ሙሉ ከዓይኔ አልጠፋም። በይ ዛሬ ቁጭ በይና ልንገርሽ።

ነገሩን አውቀዋለሁ፤ ከባልሽ ጋር ስንት ጊዜ ተነጋግራችሁበታል። እሱ «ብስኩት የሚባል ነገር ቤቴ አይግባ፤ ካለ ይበሉታል፣ ከሌለ ምግባቸውን ይበላሉ» ይላል። አንቺ ደግሞ ልጅ ከትምህርት ቤት ተርቦ ሲመጣ ባዶ ቤት ማግኘት የለበትም ትያለሽ። ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። ማስታረቂያ ሆኖ የተገኘው መደበቁ ግን ከሁለቱም የባሰ ነው። የእኔን ፍርድ ከፈለግሽ ሳላንዛዛ ልንገርሽ፦ መክሰስ የሚሆን ነገር ከቤትሽ አይጥፋ። ነገር ግን አይደበቅ፤ ሰዓት ይኑረው፤ አብዛኛውም ከሱቅ ሳይሆን ከጓዳሽ ይውጣ። ምክንያቴን ደግሞ አንድ በአንድ ስሚኝ።

ልጅ በምሳና በእራት መካከል ምግብ መጠየቁ ሆዳምነት አይደለም። ጨጓራው ትንሽ ነው፤ ሲሮጥ ስለሚውል የበላውም ቶሎ ያልቃል። ማሙሽ ምሳ ዕቃውን ስድስት ሰዓት ላይ ይከፍታል፤ ቤታችሁ እራት የሚቀርበው ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ሰዓት ነው። መካከሉ ስምንት ሰዓት ያህል ነው። ያን ሁሉ ሰዓት አንቺም ቢሮ ሆነሽ ያለ አንዳች ነገር አትዘልቂውም። ለታናሽ እህቱ ለሚጣና ከእሷም ለሚያንሱ ሕፃናት ደግሞ ይበልጥ ግዴታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ9 እስከ 23 ወር ላሉ ሕፃናት በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ ምግብ፣ በመካከሉም እንደ ፍላጎታቸው 1 ወይም 2 ጊዜ ቀለል ያለ መብል እንዲሰጣቸው ይመክራል።

የእኛ ሰው ይህን ያወቀው ከጥንት ጀምሮ ነው። ቁርስ፣ ምሳ፣ መክሰስ፣ እራት ብሎ በስም ለይቶ አስቀምጦልናል። መክሰስ ማለት እኮ እንደ ምሳው ሰዓት ያለው፣ ተቀምጠው የሚበሉት ነገር ነው። ዛሬ የተበላሸብን ይኸው ነው፤ መክሰስ የሚለውን ቃል ትተን በየደቂቃው ከፌስታል የሚወጣ ነገር አደረግነው። ጥያቄው «ቤት ይቀመጥ ወይስ አይቀመጥ» ብቻ መስሎ የሚታየንም ለዚህ ነው። እኔ ግን ከማስቀመጫው ይልቅ ሰዓቱን ተመልከቺ እልሻለሁ።

የእማዬን ቡፌ ታስታውሻለሽ? የእንግዳው ብስኩት የሚቀመጠው ከሲኒዎቹ ጎን ነበር፤ ቁልፉን በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ ነበር የምትይዘው። እንግዳ ሲመጣ እኔና አንቺ የመጋረጃው ጥግ ቆመን ሳህኑ ላይ ስንት እንደቀረ እንቆጥር ነበር። እንግዳው አንድ ካስተረፈ ያቺን አንዷን ለሁለት ገምሰን ስንበላ ጣዕሟ እስከ ማታ ከምላሳችን አይጠፋም ነበር። እማዬ ክፉ ሆና አልነበረም። ብስኩት ውድ ነበር፤ የእንግዳም ክብር ነበር። እኛ ግን ያን ጊዜ ሳናውቀው የተማርነው አንድ ትምህርት ነበር፦ በዚህ ቤት ካለው ምግብ ሁሉ የሚበልጠው የተቆለፈበት ነው። የገብሱ ቆሎ በሰፌድ ተሰጥቶ እያየነው አልፈነው እንሄድ ነበር።

ያን ጊዜ ቢያንስ ቁልፉ ይጠብቅ ነበር። ዛሬ ብስኩቱና ከረሜላው በየሱቁ ደጃፍ እንደ መጋረጃ ተንጠልጥሎ ነው የሚሸጠው፤ የማሙሽ ትምህርት ቤት በር ላይም አለ፤ የጓደኛው ቦርሳ ውስጥም አለ። አንቺ ፍሪጁ ላይ ብትሰቅዪው የምትጠብቂው ነገር የለም። የምትጨምሪው ጉጉቱን ብቻ ነው።

ይህን ሰዎችም አጥንተውታል። ጄኒፈር ፊሸርና ሊያን በርች የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ትናንሽ ልጆች አንድ መክሰስ ዓይናቸው ሥር ሆኖ እንዳይነኩት ሲከለከሉ፣ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ስለ እሱ ማውራትና እሱን መጠየቅ እንደሚያበዙ አሳይተዋል። ክልከላው ምግቡን አላስረሳቸውም፤ ይበልጥ እንዲፈልጉት አደረገ።

እኔ ግን ይህን ከጥናት በፊት ከገዛ ልጄ ነው የተማርኩት። የመጀመሪያ ልጄን ሳሳድግ ጣፋጭ የሚባል ነገር ቤቴ አይገባም ብዬ ነበር። ሰው ይዞ ቢመጣ እንኳ በኋላ ለሌላ እሰጥ ነበር። ስድስት ዓመት ሲሞላው የሰፈር ልጅ ልደት ተጠርተን ሄድን። ሌሎቹ ልጆች ኬካቸውን ቀምሰው ኳስ ሊጫወቱ ሲወጡ፣ የእኔ ልጅ ጠረጴዛው ሥር ቀረ። እስኪያስመልሰው በላ። ከወር በኋላ ደግሞ ፍራሹን ላገላብጥ ባነሳው 11 የከረሜላ መጠቅለያ አገኘሁ። በጥፍሩ እየዳመጠ አስተካክሎ፣ አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦ ነበር ያስቀመጣቸው። ልቆጣ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ልጄ ከረሜላ መብላቱ አይደለም ያስደነገጠኝ፤ ብቻውን፣ ተደብቆ፣ እኔን ፈርቶ መብላቱ ነው። መደበቅን ያስተማርኩት እኔ ነበርኩ። ማሙሽ እሁድ ዕለት ከበሩ ሥር ሲያይሽ ያ ፍራሽ ነው ትዝ ያለኝ።

ታዲያ «እንግዲያው ልልቀቀው» እንዳትዪ። ልቅ መሆኑም የራሱ ጉዳት አለው። ብስኩቱ ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ የሚውልበት ቤት አይተሻል፤ ልጁ ባለፈ ባገደመ ቁጥር አንድ ያነሳል፤ እራት ሲቀርብ ሁለት ጉርሻ ቀምሶ «ጠገብኩ» ይላል። እናትየዋ ባዶ ሆዱን እንዳይተኛ ሰግታ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ብስኩትና ሻይ ትሰጠዋለች። «ምንም ከማይበላ ይሻላል» ትላለች። ልጁም በማግስቱ እራቱን ከተወ ብስኩት እንደሚመጣለት ያውቃል። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ የሚባለው ይኸው ነው። በእናትየዋ አልፈርድም፤ ልጅ ሳይበላ ሲተኛ የእናት አንጀት አይችልም። ልጁ ግን ምግብ ጠልቶ አይደለም፤ ለመራብ ጊዜ አጥቶ ነው።

ጥርሱንም አስቢለት። ስኳር አፍ በገባ ቁጥር ጥርስ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች አሲድ ይሠራሉ፤ ምራቅ ያን አሲድ እስኪያለዝበው ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስድበታል። ስለዚህ አንድ ቸኮሌት ባንድ ጊዜ በልቶ አፉን የተጉመጠመጠ ልጅ፣ ያንኑ ያህል ጣፋጭ ከጠዋት እስከ ማታ እየቆረሰ ከሚውለው ይልቅ ጥርሱ ይተርፋል። ጥርስ የሚጎዳው በመጠኑ ብቻ ሳይሆን በምልልሱም ነው።

ስለ ለስላሳም ሳላነሳ አላልፍም፤ ፍሪጅሽ ውስጥ አይቻለሁና። የተለመደው ለስላሳ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ግራም ያህል ስኳር አለው። ስለዚህ 300 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ 30 ግራም ገደማ፣ በሻይ ማንኪያ ሲሰፈር ከ7 በላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በቀን የሚጨመረው ስኳር ከ25 ግራም፣ ማለትም ከ6 የሻይ ማንኪያ በታች ቢሆን የበለጠ ይጠቅማል ይላል። እንግዲህ አንድ ጠርሙስ ለትልቅ ሰው ከተመከረው አልፏል፤ ማሙሽ ደግሞ ገና 8 ዓመቱ ነው። ስለዚህ ለስላሳን የበዓልና የግብዣ አድርጊው፤ ቤት ውስጥ ለጥማት የሚጠጣው ውኃ ይሁን። እዚህ ላይ ከባልሽ ጎን ነኝ።

እንግዲህ መንገዱ የቱ ነው አትዪኝም? ኤሊን ሳተር የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ምግብና የቤተሰብ ባለሙያ የማብላቱን ሥራ በወላጅና በልጅ መካከል ከፍላዋለች፤ እኔን ያሳረፈኝ ይህ ነው። ምን እንደሚቀርብ፣ መቼ እንደሚቀርብና የት እንደሚበላ የሚወስነው ወላጅ ነው። ከቀረበለት ውስጥ መብላት አለመብላቱንና ምን ያህል እንደሚበላ የሚወስነው ደግሞ ልጁ ነው። እኛ ቤት ሥራው ተገለባብጦ ነው የኖረው። ምን እንደሚበላ ልጁ ያዛል፤ ስንት ጉርሻ እንደሚበላ ደግሞ እኛ እየቆጠርን እናስገድደዋለን።

ያንቺ ቤት ላይ ልንገርሽ። ማሙሽ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ይደርሳል። ቦርሳውን ያስቀምጣል፣ ልብሱን ይቀይራል፣ እጁን ይታጠባል፤ አሥር ሰዓት ላይ መክሰስ ነው። ሚጣም አብራው ትቀመጣለች። ቴሌቪዥኑ ይጠፋል፣ ስልኩ ይነሳል፤ ዓይኑ ስክሪን ላይ ያለ ልጅ ሆዱ መሙላቱን አይሰማም። ያቀረብሽውን እስኪጠግቡ ይብሉ፤ «በቃህ» አትበዪው፣ «ጨርስ» አትበዪው። ከተነሱ በኋላ ግን እስከ እራት ውኃ ብቻ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ «ራበኝ» ብሎ ይመጣል፤ አይቀርም። አትቆጪው፣ አትስበኪውም። «እራቱን እየሠራን ነው የኔ ጌታ፤ ና ሽንኩርቱን አቀብለኝ» በይው። የመጀመሪያው ሳምንት ልቅሶ አለበት። እስኪለምዱት ታገሺ፤ ነገ በሰዓቱ እንደሚመጣ ያወቀ ልጅ ዛሬ አይስገበገብም።

አሁን ወደ ጓዳው እንግባ፤ ዋናው ነገር እዚህ ነው። ቤትሽ መቀመጥ ያለበት ልጁ ቢጠይቅሽ ያለ ስጋት የምትሰጪው ነገር ነው። በ2014 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአገራችን የአመጋገብ መመሪያም ጥራጥሬ፣ አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበዛ፣ ስኳርና ለስላሳ እንዲቀንስ ይመክራል። ለዚያ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግሽም። ቅዳሜ ጠዋት ገብስና ሽምብራ ቁዪ፣ ሱፍና ለውዝ ቀላቅይበት፤ ለማሙሽ የሳምንት መክሰስ ነው። ውፍረቱ እንደ ጣት የሆነ ስኳር ድንች ቀቅለሽ ላጥ አድርገሽ ስጫቸው፤ ስኳር ሳይነካው ይጣፍጣቸዋል። የስንዴና የባቄላ ንፍሮ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ እርጎ፣ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ማንጎው ሲደርስ ማንጎ፣ ከትናንት የተረፈ ድፎ ዳቦ በለውዝ ቅቤ። ጨጨብሳም መክሰስ ነው፤ እሱን ጠግቦ የተነሳ ልጅ ሱቁን ዞር ብሎ አያይም።

በሶን ደግሞ ረስተነዋል። ገብሱ ተቆልቶ ስለሚፈጭ እሳት አይፈልግም፤ ሠራተኛዋ ባትኖር እንኳ ማሙሽ ራሱ በጥብጦ ሊጠጣው ይችላል። በቅቤ ታሽቶ ጭኮ ሲሆን ደግሞ አንዷ ቁራሽ ለረጅም ሰዓት ትይዛለች። ስንት አገር አቋራጭ መንገደኛ በስልቻው ይዞት የኖረውን ስንቅ እኛ ለልጆቻችን የድሃ ምግብ አስመሰልነው። ልጅ የሚያከብረው እናቱ የምታከብረውን ነው። በሶውን በደህና ሳህን አቅርቢው።

እዚህ ላይ ግን በጥብቅ የምነግርሽ ነገር አለ። ሚጣ ገና ሦስት ዓመት አልሞላትም። ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ቆሎ፣ ለውዝ፣ ፈንዲሻም ሆነ ዳቦ ቆሎ አይሰጥም፤ ጉሮሮ ይዘጋል፣ ወደ አየር ቧንቧም ይገባል። እሁድ ዕለት ማሙሽ ከእጁ ቆሎ ሲያካፍላት ልቤ ዘለለ። ለእሷ የተፈጨው ይሁንላት፦ በሶ፣ በደንብ የላመ የለውዝ ቅቤ ዳቦ ላይ በስሱ ተቀብቶ፣ የተፈጨ ሙዝ። ማሙሽም ቢሆን እየሮጠ ሳይሆን ተቀምጦ ይብላ። ማር ደግሞ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን በጭራሽ አይቀመስም፤ ለጎረቤትሽ አራስም ንገሪያት። ለውዙንም ስትገዢ እይው፤ የተጨማደደ፣ የሻገተ፣ ሲቀምሱት የሚመር ካለ ጣይው። አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ስለተቆላ ብቻ አይጠፋም። ደረቅ ቦታ፣ በደንብ በሚከደን ዕቃ አስቀምጪው።

መክሰስን በሻይ ማለማመዱንም ተዪው። ሻይ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነት በሚገባ እንዳይወስደው ያደርጋል። እንጀራና ምስር አብልተሽ ወዲያው ሻይ ብታጠጪው የሰጠሽውን ብረት መልሰሽ እንደ መንጠቅ ነው።

የጾሙን ነገርም ላንሳልሽ፤ በጾም ወራት ቤትሽ ብስኩት እንደሚበዛ አይቻለሁ። ሕፃናት ከሰባት ዓመት በፊት እንደማይጾሙ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ድስቱ ይነካል፣ መጥበሻው ይነካል እያልን እንቁላሉንና ወተቱን ከእነሱም እናርቃለን፤ በምትኩ «የጾም ነው» የተባለውን ብስኩት እንሰጣለን። ለሚጣ አንዲት ትንሽ መጥበሻና አንዲት ሳህን ለብቻዋ ግዢላት፤ አለቀ። ማሙሽ መጾም ከጀመረም የሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ ንፍሮና ለውዝ ይብላ። ጾሙን በብስኩት አይጹመው።

አሁን ያ ፍሪጁ ላይ ያለው ፌስታል ቀረን። ብስኩትና ቸኮሌት እስከ ወዲያኛው ይጥፉ አልልሽም፤ ያንን ሞክሬ ያገኘሁትን ነግሬሻለሁ። ለሚጣ እንኳን 2 ዓመት እስኪሞላት ባትቀምሰው ጥሩ ነበር፤ ያ አልፏል። ከእንግዲህ ግን ለክምችት አትግዢ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ይሁን፣ ለዚያ ቀን የሚያልቀውን ብቻ ግዢ። ስትገዢም ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብቢ፤ ብዛት ያለው ነገር ቀድሞ ነው የሚጻፈው። ስኳር ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ውስጥ ካለ ብስኩት አትበዪው፣ ከረሜላ ነው። ቤት አምጥተሽ ከማሸጊያው አውጪና ሳህን ላይ አድርጊው፣ ሁላችሁም ተቀምጣችሁ አብራችሁ ብሉት፤ አንቺም ብዪ። ከዚያ በኋላ አለቀ። የተረፈ የለም፣ የሚደበቅ የለም፣ የሚቆጠር የለም።

ሳህን ላይ አድርጊው ያልኩሽ ለውበት አይደለም። ለየብቻው ታሽጎ የሚመጣ ነገር ልጅን ለየብቻው መብላት ያስለምደዋል። አንዱ ጥግ ይዞ ፌስታሉን ደረቱ ላይ ለጥፎ ሲበላ አይተሻል። እኛ ያደግነው ከአንድ መሶብ ነው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እየተባለ ነው ያደግነው። መክሰሱ ከአንድ ሳህን ሲነሳ ማሙሽ ለሚጣ ማካፈልን ይማራል፤ ሚጣም ተራዋን መጠበቅ ትማራለች። ቤትሽ የምትረዳሽ ልጅም ከዚያው ሳህን ትብላ። ለልጆች ብስኩት እያቀረበች እሷ እንዳትነካው በሚደረግበት ቤት ልጆቹ የሚማሩት ሌላ ትምህርት ነው፤ እሱን እንዲማሩ አልፈልግም፣ አንቺም አትፈልጊም።

ሁለት ነገር ደግሞ ከአፍሽ ይጥፋ። አንደኛው «ይህን ከጨረስክ ቸኮሌት እሰጥሃለሁ» የሚለው ነው። ጎመኑ ቅጣት፣ ቸኮሌቱ ሽልማት መሆኑን በገዛ አፍሽ እየነገርሽው ነው። ሲወድቅ፣ ሲያለቅስ፣ ስታመሺበት ከረሜላ አትስጪው፤ እቅፍ አድርጊው። ባዘነ ቁጥር ጣፋጭ የሚፈልግ ሰው ሆኖ እንዳያድግ። ሁለተኛው ስለ ገላቸው የምትናገሪው ነው። እሁድ ዕለት «ሚጣዬ እንዴት ወፈረችልኝ፤ ይሄ ግን እንጨት መስሏል» ስትዪ ማሙሽ ሸሚዙን ወደ ታች ሲስብ አየሁት። በፍቅር ነው ያልሽው፤ አውቃለሁ። እሱ ግን እንጨት መባሉን ነው ይዞ የሄደው። ስለ ክብደቱ ከሰጋሽ ጤና ጣቢያ ወስደሽ አስመዝኚው፤ በልጁ ፊት ግን በአፍሽ አትመዝኚው።

አማትሽ እንደሚያስቸግሩሽ ነግረሽኛል። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ከነጠላቸው ጫፍ ከረሜላ ፈትተው ይሰጧቸዋል። እንዳትከለክያቸው። የአያት እጅ ባዶ ሲመጣ አያምርም። ይልቅ ሌላ ነገር ጠይቂያቸው። «እማማ፣ ልጆቹ የእርስዎን ቆሎ ነው የሚወዱት፤ እኔ ስቆላው እንደ እርስዎ አይሆንልኝም» በያቸው፤ ውሸትም አይደለም። በሳምንቱ በነጠላቸው ቆሎ ቋጥረው ሲመጡ ታያለሽ፤ ለሚጣ እንዳይሰጧት ብቻ አስረጂያቸው። «ብስኩት አይግባ» ለሚለው ባልሽም ማታ ሲገባ ከኪሱ የሚያወጣው ነገር በከረሜላ ፋንታ ብርቱካን ሊሆን እንደሚችል ንገሪው። ልጆቹ የሚሮጡት ወደ አባታቸው እንጂ ወደ ከረሜላው አይደለም። ዘመድም ሲጠይቅሽ «ለልጆቹ ምን ልያዝ» ካለ አትግደርደሪ፤ ሙዝና ብርቱካን በይ። ድሮ ሰው የሚጠየቀው በብርቱካን ነበር፤ ነውር የለውም።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን አድርጊ አላልኩሽም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ሰኞ ሰዓቱን ብቻ ጀምሪ። በሚቀጥለው ሳምንት ጓዳውን ሙዪ። ለስላሳው ቀስ ብሎ ይወጣል። ሥራ ውለሽ ደክመሽ የምትገቢበት ቀን አለ፤ ያን ቀን ሙዝና ዳቦ ብታቀርቢላቸው በቂ ነው፣ ራስሽን አትውቀሺ። ልጅ የሚያድገው በአንድ ቀን ምግብ አይደለም፤ አብዛኛው ቀን ከጤናማው ከሆነ ደህና ነው።

ዛሬ ማታ ግን አንድ ነገር አድርጊልኝ፣ እህት ዓለም። በርጩማው ላይ ውጪና ያን ፌስታል አውርጂው። ማሙሽ እያየሽ ይሁን። ጠረጴዛው ላይ ፍቺውና ከእራት በኋላ አብራችሁ ብሉት፤ ይለቅ። ነገ ቆሎውን በሚከደን ማሰሮ አድርገሽ፣ የሚጣ እጅ የማይደርስበት የማሙሽ ግን የሚደርስበት መደርደሪያ ላይ አስቀምጪው። «ይሄ የናንተ ቤት ነው፤ መክሰስ አሥር ሰዓት ነው፤ ማንም አይደብቅባችሁም» በያቸው። ልጅ በቤቱ ተደብቆ መብላት የለበትም።